ፓቶሎጂ ብማር ከሬሳ ጋር ልውል ነው?

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ከሰው ጋር ብዙ ማውራት አይሆንልኝም፤ ማይክሮስኮፕ ፊት ከተቀመጥኩ ግን ሰዓቱ መሄዱ አይታወቀኝም። ፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደን ናሙና መርምሮ በሽታን የሚለየው የሕክምና ዘርፍ) ልማር ነው ስላት እናቴ «ይህን ሁሉ ዓመት የለፋኸው ከሬሳ ጋር ልትውል ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው? ስንት ዓመትስ ይፈጃል?

መልስ፦ እናትህን አትቀየማቸው፤ እንደሳቸው የሚያስብ ሐኪምም ሞልቷል። የአስከሬን ምርመራ አለ፣ ግን ሆስፒታል ውስጥ ለምንሠራ ሰዎች ትንሹ ሥራ ነው። የጡታቸው እብጠት ካንሰር ይሁን አይሁን ለማወቅ ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚቆረጥ ትንሽ ሥጋ) የሰጡ ሴት አሉ እንበል። መልሱን የሚጽፈው ፓቶሎጂስቱ ነው፤ እሳቸው ግን ፊቱን አይተውት አያውቁም።

ዓመቱ እንደየአገሩ ይለያያል። መጀመሪያ ሐኪም ትሆናለህ፣ አቋራጭ የለውም። ከዚያ ስፔሻሊቲው ባብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ደም ወይም ቆዳ ላይ ብቻ ልሥራ ካልክ ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ዓመት አለ።

ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ስትሆን ግን ውሎህ ማይክሮስኮፕ ላይ ብቻ እንዳይመስልህ። ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ኬሚካል) የሚሸት ክፍል ቆመህ ከቀዶ ሕክምና የመጣውን ሥጋ ትለካለህ፣ ትመዝናለህ፣ ዳር ዳሩን ቀለም ትቀባለህ፣ ትቆርጣለህ። ቀለሙ ለምን መሰለህ? በኋላ ስላይዱ (ናሙናው የሚቀመጥበት ስስ መስታወት) ላይ የካንሰሩ ሴሎች ቀለሙ ድረስ ደርሰው ካየሃቸው ዕጢው ተጠርጎ አልወጣ ይሆናል፣ ሰርጅኑም ይህን ማወቅ አለበት። የቆረጥከው ሰም ውስጥ ይገባና ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ሆኖ ይሳሳል (ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው)፣ ከዚያ ይቀለማል፤ የሴሉ እምብርት ሰማያዊ፣ ቀሪው ሮዝ ይሆናል። ትክክለኛውን ቦታ ካልቆረጥክ የፈለገ ጥሩ ማይክሮስኮፕ ቢኖርህ ምንም አታይም።

«ማውራት አይሆንልኝም» ያልከው ነው ያሳሰበኝ። አንዳንዴ በሽተኛው ሰመመን ውስጥ እያለ ናሙናው በረዶ ሆኖ ተቆርጦ ይመጣልሃል፣ በ20 ደቂቃ አካባቢም መልስ ይጠበቅብሃል። ስልኩ ይጮሃል። እኔ ጀማሪ እያለሁ አንዱን ናሙና አየት አድርጌ «ካንሰር ነው» ልል ስል አለቃዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ናሙናውን መልሳ አየችው፤ ተራ ብግነት ነበር። «በዚህ መወሰን አልችልም፣ ዋናውን ስላይድ ጠብቁ» ማለትም መልስ ነው፣ ግን ለተቆጣ ሰርጅን ይህን ማለት ወሬ ከማይወድ ሰው ድፍረት ይፈልጋል።

ከመወሰንህ በፊት ሁለት ሳምንት ፓቶሎጂ ክፍል ውስጥ አስፈቅደህ ዋል። ማይክሮስኮፑን ተወውና ሥጋው የሚቆረጥበት ክፍል ቁም።