የባሩድ ጠመንጃና የጨርቅ ቅባት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በአፈሙዝ ስለሚጎርሱ የባሩድ ጠመንጃዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ አንድ ነገር ላይ አረፈ፤ አረሩ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ላይ ምን ልቀባ? ጠያቂዎቹ ብዙዎቻችሁ አሜሪካ ሆናችሁ የአጋዘን አደን ፈቃድ ያወጣችሁ ናችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)፦ ሰላም ጋሼ። ባለ 50 ካሊበር ጠመንጃ ገዛሁ። ሦስት ጊዜ በደንብ ተኮስኩ። አራተኛው አረር ግን መሀል መንገድ ላይ ቀርቶ አልወርድ አለኝ። አረሩን የምገፋበትን ዘንግ በመዶሻ ልመታው ምንም አልቀረኝም ነበር። ቅባቱ ነው ችግሩ?

መልስ፦ እንኳን አልመታኸው። አረሩ ባሩዱ ላይ ካልተቀመጠ ጠመንጃው አይተኮስም። በመካከላቸው ክፍት ቦታ ካለ በርሜሉ ሊያብጥ፣ ሊፈነዳም ይችላል። ካፑን፣ ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ቆብ ማለቴ ነው፣ አንሳና አረሩን አውጣው። በጋዝ ገፍቶ የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ ይሸጣል፤ ከሌለህ ጠመንጃ ጠጋኝ ጋ ውሰደው። ሌላም ነገር አድርግ። አረሩ በትክክል ባሩዱ ላይ ሲቀመጥ ዘንጉ አፈሙዙ ጋ የሚደርስበትን ቦታ ምልክት አድርግበት። ምልክቱ ከአፈሙዙ በላይ ከታየ አረሩ አልወረደም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅባቱ። ባሩድ ከመቶ 75 ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 ከሰል፣ 10 ድኝ ነው። ሲነድ ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ አይሆንም፤ ጠጣር ጨው ነው የሚሆነው። ከፊሉ በጭስ ይወጣል፣ የቀረው በርሜሉ ላይ ይለጠፋል። ጥቀርሻ የምንለው እሱን ነው። እርጥበት ሲያገኝ ለስላሳ ጭቃ ይሆናል፣ ሲደርቅ ይጋገራል። አንተ ያለህበት አገር አየሩ ደረቅ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ችግር ብዙ ጊዜ የሚያስተኩስ ቅባት እዚያ ከሦስተኛው በኋላ ቢያቅተው አይግረምህ።

የቅባቱ ሥራ ጥቀርሻውን ማጥፋት አይደለም፤ እንዳይጋገር ማድረግ ነው። አዲሱ አረር ሲወርድ ጨርቁ ለስላሳውን ጥቀርሻ እየጠረገ ይዞት ይሄዳል፤ ሲተኮስ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ቅባት ከመቀየርህ በፊት የጨርቁን ውፍረት ለካ። አረርህ 0.490 ኢንች ከሆነ 0.015 ኢንች ጨርቅ ጥሩ መነሻ ነው፤ 0.018ም ሞክር። ስስ ጨርቅ የቱንም ያህል ቢቀባ ግድግዳውን አይነካም፣ አይጠርግም። ጨርቁ ደግሞ ንጹህ ጥጥ ወይም ተልባ እግር ይሁን። ናይለን ነገር የተቀላቀለበት ይቀልጥና ሌላ ጣጣ ያመጣብሃል።

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ አንዱ ምራቅ ይበቃል ይለኛል፣ ሌላው ባሊስቶል የሚባለውን የጠመንጃ ዘይት፣ ሌላው ሞራ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ሥራ ነው።

ዒላማ ላይ ቆመህ ወዲያው አጉርሰህ ወዲያው የምትተኩስ ከሆነ እርጥብ ነገር የሚያክል የለም። ምራቅ፣ ወይም ውሃ የተቀላቀለበት ቅባት። ጥቀርሻው በውሃ የሚሟሟ ጨው ስለሆነ ውሃ ያሸንፈዋል። ግን ምራቅ ቀብተህ አጉርሰህ ጫካ ውስጥ ሰዓታት ከተቀመጥክ ጨርቁ ይደርቃል፣ ባሩዱ ይረጥባል፣ በርሜሉም መዛግ ይጀምራል። ለአደን ሞራና ሰም፣ ወይም የማይደርቅ ዘይት ይሻላል።

ባሊስቶል በመካከል ነው። ጀርመኖች ከ1904 ጀምሮ ያውቁታል፤ ውሃ ውስጥ ሲጨመር እንደ ወተት ይነጣል። አንድ እጅ ባሊስቶል በስድስት ወይም በሰባት እጅ ውሃ ቀላቅል። ጨርቁን ንከርና ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጋው። ውሃው ይተናል፣ ዘይቱ በልኩ ይቀራል። ገመድ ላይ አታስጣው፤ ዘይቱ ወደ ታች ይወርድና የጨርቁ አንዱ ጫፍ ደረቅ፣ ሌላው የጨቀየ ይሆናል። ከዚያ አንዱ አረር ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ሲሄድብህ ጠመንጃውን ትወቅሳለህ። ዒላማ ላይ በአንድ ነጥብ መሰብሰብ የምትፈልግ ከሆነ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ጥያቄ (አትላንታ)፦ ለበዓል ያረድነው በግ ሞራ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ይሆናል? ባለቤቴ ደግሞ ንጥር ቅቤም ሞክር እያለች ትስቅብኛለች።

መልስ፦ የበግ ሞራ የጥንት ነው፤ ከሱ የተሻለ ፈልገህ ብዙ አትድከም። በትንሽ እሳት አቅልጥ፣ በጨርቅ አጥልል። ጨው ነክቶት ከሆነ ከውሃ ጋር አፍላና አቀዝቅዘው፤ ሞራው ላይ ይረጋል፣ ጨው ውሃው ውስጥ ይቀራል። ጨው የበርሜል ጠላት ነው። ቤከን ጠብሰህ የቀረውን ስብ የማትቀባውም ለዚህ ነው።

ከዚያ የንብ ሰም ጨምርበት። ለብርድ አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ ሞራ፣ ለሙቀት ሰሙን እጥፍ አድርገው። በቀጥታ እሳት ላይ አታቅልጥ። ውሃ የፈላበት ድስት ላይ ሌላ ዕቃ አስቀምጠህ እዚያ ውስጥ አቅልጠው። ሱቅ የሚሸጠው ሻማ ፓራፊን ነው፤ ንጹህ የንብ ሰም ፈልግ።

ቅቤውን ለባለቤትህ ተውላት፣ ለዶሮ ወጡ ይሁን። ሙቀት ሲነካው ፈስሶ ባሩዱ ውስጥ ይገባል፣ ሲቆይም ይበላሻል። ሌሎችም ስለ ዘይት ጠይቃችኋል። የጉሎ ዘይት፣ የወይራ ዘይትና ጆጆባ ጥሩ ናቸው። የተልባ ዘይት ግን አይነካ፤ አየር ሲያገኘው እንደ ቀለም ይደርቃል። ለእንጨቱ ሰደፍ ነው እንጂ ለበርሜሉ አይሆንም።

ጥያቄ (ፊላደልፊያ)፦ ከፈረንጆቹ ገና በኋላ በሚከፈተው የባልጩት ጠመንጃ (በድንጋይ ብልጭታ የሚለኮሰው) ወቅት ላይ አደን እወጣለሁ። ብርዱ ቅባቱን እንደ ድንጋይ ያደርገዋል።

መልስ፦ ሰሙን ቀንስ፣ ወይም ሞራውን ትተህ የጉሎ ዘይት ወይም ከከብት እግር የሚወጣውን ኒትስፉት የሚባለውን ዘይት ተጠቀም። ብርድ ላይ ብዙም አይረጉም። ጨርቁ በዘይት መጨቅየት የለበትም። በሁለት ጣት ጨምቀህ ጣትህ ላይ ወዝ ብቻ ከቀረ በቂ ነው። በባልጩት ጠመንጃ የተረፈ ዘይት ወደ እሳት ቀዳዳው ከደረሰ አጋዘኑ ፊት ለፊትህ ቆሞ ቃታ ትስባለህ፣ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ምንም።

አንድ ምክር፦ የጎረሰ ጠመንጃ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት አታስገባ። በርሜሉ ውስጥ ጤዛ ይይዛል። ጎርሶ መኪና ውስጥ መያዝ የሚፈቀድበትን ሁኔታ ግን የየስቴቱን ሕግ አይተህ ወስን።

ጥያቄ (ዳላስ)፦ በቅባት ብቻ እያሸሁ ብተኩስበት በርሜሉ እንደ ምጣድ ይሟሻል፣ ከዚያ መታጠብ አያስፈልገውም ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይሟሽም። ምጣድና የብረት መጥበሻ ሌላ፣ የዛሬ በርሜል ብረት ሌላ። በርሜሉ ውስጥ የሚከማቸው የተቃጠለ ስብና ጥቀርሻ ነው። ከሥሩ ደግሞ ጨው ተደብቆ እርጥበት ይስባል፣ ብረቱን ይበላል። ዓመት ቆይቶ ጎድጓዳ ዝገት ሲታይህ ማን እንደመከረህ ታስታውሳለህ። በተኮስክበት ቀን እጠብ።

ጥያቄ፦ የሞተር ዘይት ወይም ደብሊው ዲ ፎርቲ ጨርቁ ላይ ብቀባስ?

መልስ፦ አይሆንም። አብዛኛው የፔትሮሊየም ዘይትና ግሪስ ከባሩድ ጋር ሲቃጠል እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ነገር ይሆናል። ባሊስቶልም በማዕድን ዘይት የተሠራ ነው፤ ግን የነጠረ ነጭ ዘይት ስለሆነ ይህን አያደርግም። ደብሊው ዲ ፎርቲ ቦታው ከታጠበ በኋላ ነው፤ ውሃ ያስወጣል። በማግስቱ ከማጉረስህ በፊት ግን በአልኮል ጠራርገህ አውጣው።

ጥያቄ፦ የእኔ ዘመናዊ ነው፤ ጥይቱን በሚይዝ የፕላስቲክ ሽፋን፣ ሳቦት በሚሉት፣ ነው የሚጎርሰው። ምን ልቀባ?

መልስ፦ ምንም። ሳቦት ደረቅ ይወዳል። ኮሎራዶ ግን በባሩድ ጠመንጃ ወቅት ሳቦትም ሆነ ተጠፍጥፎ የተሠራ ባሩድ አትፈቅድም፤ ደንቡን ሳታነብ አትውጣ።

ጥያቄ (ሲያትል)፦ ቅባቱ በቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የተተኮሰውን ጨርቅ ፈልገህ አንሳ። ከአፈሙዙ ፊት ጥቂት ሜትር ላይ ወድቆ ታገኘዋለህ፤ ሳሩ ላይ ነጭና ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ጥሩው ጨርቅ ሙሉ ነው። መሀሉ ላይ ጥቁር ክብ አለ፣ ዙሪያው በርሜሉ ውስጥ የተቀረጹት መስመሮች አሻራ ይታይበታል፣ ጠርዙ ትንሽ ተበጣጥሷል። ያ ምንም አይደለም። መሀሉ ተቃጥሎ ቀዳዳ ካለው ቅባቱ አንሷል ወይም ጨርቁ ስስ ነው፤ እሳቱ እያለፈው ነው። አረሩን በከበበው መስመር ላይ እንደ ምላጭ የተቆረጠ ካየህ ግን ቅባት አይረዳህም። አዲስ በርሜል ውስጥ ያለው ስለታም ጠርዝ ወይም አፈሙዙ ነው የሚቆርጠው። እሱን ለማወቅ ጨርቅ የለበሰ አረር ሳትተኩስ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገባና መልሰህ ነቅለህ እየው። እዚያው ከተቆረጠ ጥፋቱ የአፈሙዙ ነው።

ጥያቄ፦ በየተኩሱ መሀል ልጥረግ ወይስ አልጥረግ?

መልስ፦ ደረቅ አየር ላይ ጥረግ። ጨርቁ ይርጠብ እንጂ አይንጠባጠብ። አንዴ ቀስ አድርገህ እስከ ታች አውርድና ሳታመላልስ አውጣ። ገልብጠህ ድገም፣ ከዚያ ደረቅ አስከትል። ወደ ላይና ወደ ታች ካሸህ ጥቀርሻውን ወደ እሳቱ መተላለፊያ ትደፋውና መክሸፍ ይጀምራል። የዘንጉ ጫፍ፣ ጃግ የሚሉት፣ ትንሽ ቀጠን ያለ ይሁን። ሲወርድ ጥቀርሻው ላይ ተንሸራቶ ያልፋል፤ ሲወጣ ጨርቁ ይሰበሰብና ጠርጎ ያወጣዋል። ፊትህን ግን አፈሙዝ ላይ አታስጠጋ። ባሩዱንም ከመያዣው ቀንድ በቀጥታ አታፍስ፤ ለክተህ በመለኪያው አፍስ። የቀረች ፍም ካለች በእጅህ ያለው ባሩድ ትንሽ ይሁን።

ጥያቄ (ቴል አቪቭ)፦ ያደን ሰው አይደለሁም፣ ታሪክ ነው የምወደው። አያቴ ውጅግራ ነበራቸው። እሱም ቅባት ነበረው?

መልስ፦ ነበረው፤ ግን በአፈሙዝ አይጎርስም። ውጅግራ የፈረንሳይ የ1874 ጠመንጃ ነው፣ ከኋላ በቀለህ ይጎርሳል። ባሩዱ ያው ጥቁሩ ስለሆነ ከጥይቱ ሥር የሰምና የሞራ ቅባት ይደረግ ነበር።

ታሪክ ከወደዱ ሌላ ላንሳልዎ። እንግሊዞች በ1853 ያወጡት ኤንፊልድ በአፈሙዝ የሚጎርስ ነበር። ጥይቱ በወረቀት ተጠቅልሎ ስብ ይቀባል፣ ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ይቀድዳል። ህንድ ውስጥ ስቡ የላምና የአሳማ ነው የሚል ወሬ ወጣ። ሂንዱውም ሙስሊሙም ወታደር ተቆጣ፤ በ1857 ለተነሳው ታላቅ አመጽ አንዱ ምክንያት ሆነ። በኋላ ያንኑ ኤንፊልድ ከኋላ እንዲጎርስ አድርገው ለወጡት። እሱ ነው ሰናድር። በ1868 መቅደላ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃና ጦር ይዞ የገጠመው እሱን ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማታ ምን አድርጌ ልጠበው?

መልስ፦ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። ለብ ያለ ውሃና ትንሽ የዕቃ ሳሙና በቂ ነው። የሚፈላ ውሃ አያስፈልግም፤ ብረቱን አግሎ ወዲያው ቀጭን ዝገት ያመጣል። ኦክሲጅን ውሃ የገባበትን የቤት ውስጥ ቅልቅልም ተው፣ እሱም ያዝጋል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጥረግ፣ አድርቅ፣ ዘይት ቀባ። በማግስቱ ደረቅ ጨርቅ አስገባና አውጣ። ቡናማ ነገር ይዞ ከመጣ እንደገና አጥበህ ቀባው።