የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአያቴን ቤት በሲሚንቶ ልለስነው?

ጥያቄ፦ ላስታ ውስጥ ከአያቴ የወረስኩት ባለደርብ ክብ የድንጋይ ቤት አለኝ። ዝናብ በሚመታው በኩል በድንጋዮቹ መሐል ያለው ጭቃ እየረገፈ ነው። ዘመዶቼ «በሲሚንቶ ልሰነው፣ ሣሩንም አንሥተህ ቆርቆሮ ምታበት» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል? ድሮስ ከብቱን ከታች፣ ሰውን ከላይ ማኖር ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክዎ ሲሚንቶውን ይተዉት። የእርስዎ ግድግዳ በክረምት የጠጣውን ውኃ በበጋ የሚመልስ ግድግዳ ነው። ሲሚንቶ ከውጭ ሲያፍነው የገባው ውኃ መውጫ ያጣል። እኔ ይህን የተማርኩት በእናቴ ቤት ነው። በሲሚንቶ አስለስኜው ሁለት ክረምት አማረበት። በሦስተኛው ልስኑ ተነፋ፤ በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ። ፈልፍዬ ሳየው በድንጋዮቹ መሐል ያለው ጭቃ ሊጥ ሆኗል። እናቴ ምንም አላለችኝም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የላላውን ጭቃ በእንጨት ፈልፍለው ያውጡና ክፍተቱን ውኃ ያርከፍክፉበት። ከዚያም ጭድ ገብቶበት በእግር የተረገጠና ጥቂት ቀን የቦካ ጭቃ ይጠቅጥቁበት፤ ሰፋ ባለው ቦታ ጠጠር ይሸጉጡ። የረገፈውን አሮጌ ጭቃ አይጣሉት፤ ዘፍዝፈው መልሰው ያቡኩት። አስቀድመው ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ይሞክሩት። ሲደርቅ ከተሰነጠቀ ጭድ ይጨምሩ።

ቆርቆሮውንም አልመክርም። ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል፤ በክብ ጣራ ላይም በወጉ አይገጥም። የሣር ክዳን ጠባቂው ጢስ ነው። ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ሣሩንና እንጨቱን እያደረቀ ነፍሳትን ያርቃል። ሰው የለቀቀው ቤት ጣራው ቶሎ የሚበሰብሰውም እሳት ስለሚያጣ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ የሚያነድበት ሰው ይፈልጉ።

ስለ ከብቱ የጠየቁት ደስ ብሎኛል። ላሊበላ አካባቢ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ከታች ያሉት ከብቶች ሙቀት በእንጨቱ ወለል በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ጅብና ሌባም በቀላሉ አይደርስባቸውም። ደረጃው ከውጭ የሆነውም ሰው በጋጣው ውስጥ ሳያልፍ ወደ መኝታው እንዲወጣ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ሲሆን፣ ዩኔስኮ ስለ እነርሱ ሲገልጽ በአካባቢው ያሉትን እነዚህን ባለ ሁለት ደርብ የቀይ ድንጋይ ቤቶችም አብሮ ያነሣል። አያትዎ ያወረሱዎት ከእነዚህ አንዱን ነው።

ሥራውን ለታኅሣሥ ያቆዩት። ያኔ ዝናቡ ያባራል፣ አዲስ የጤፍ ጭድም ከአውድማ ይገኛል።