መልስ፦ ጠዋት ይዞ ከሰዓት የሚለቅ ስፖት ብየዳ

ወንድሜ፣ "1 ሚሊ ላሜራ ጠዋት በደንብ ይይዛል፣ ከሰዓት በእጅ ይላቀቃል፤ አምፔር ስጨምር ብልጭታው ባሰ" ላልከው፣ አምፔሩን (ከረንቱን) ወደነበረበት መልሰውና መጀመሪያ የኤሌክትሮዱን፣ ማለትም ላሜራዎቹን ከላይና ከታች ጨብጦ ከረንት የሚያሳልፈውን የመዳብ ዘንግ፣ ጫፍ ለካ።

ለ1 ሚሊ ላሜራ የጫፉ ዲያሜትር 5 ሚሊ ነው። ሲሠራ እየተጨፈለቀ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል። 7 ሚሊ ከደረሰ የሚነካው ስፋት እጥፍ ሆኗል፤ ያው አምፔር ተበትኖ ማቅለጥ ያቅተዋል። በደቃቅ ሞረድ ወደ 5 መልሰው፣ የላይኛውና የታችኛውም ፊት ለፊት ይግጠሙ። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ላሜራ ከሆነ ዚንኩ ከመዳቡ ጋር ስለሚዋሃድ ጫፉ ቢጫ ይላል፤ እሱን ቶሎ ቶሎ መሞረድ ነው።

ብልጭታው ብዙ ጊዜ ከግፊት ማነስ ነው። ኤሌክትሮዶቹ ላሜራውን አጥብቀው ሳይጨብጡ ከረንት ከተለቀቀ የቀለጠው ይፈናጠራል። ለዚህ ውፍረት ወደ 200 ኪሎ ግፊትና 0.2 ሰከንድ ያህል ከረንት ጥሩ መነሻ ነው። ዝገትና ቀለም ካለም ጥረገው።

ጫፉ ደህና ሆኖ ከለቀቀ ብሬከሩን አውርድና ኤሌክትሮዶቹን የያዙት ክንዶች ከማሽኑ ጋር የተያያዙበትን ቦታ እይ። የጠቆረ መጋጠሚያ ካለ ፍታው፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳው፣ ቡሎኑን አጥብቅ። የማቀዝቀዣ ውሃውም እስከ ጫፉ መድረሱን አረጋግጥ።

የከሰዓቱን ነገር ግን ቮልቴጅም ሊያመጣው ይችላል፤ 10 በመቶ ሲወርድ ሙቀቱ ወደ 19 በመቶ ይቀንሳል። ቮልቴጁን ማሽኑ እየበየደ ሳለ ለካው፣ ቆሞ ሳለ መለካት ምንም አይነግርህም።