ሮቦት የጥርስ ሐኪሙን እጅ ይይዛል? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ የጥርስ ክሊኒኮችን መሣሪያ በመጠገን የምተዳደር መሐንዲስ ነኝ። ስለ ጥርስ ሕክምና ሮቦቶች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት ጥያቄዎች ለጥቂቶቹ መልሴ ይኸው።

ያለ ሐኪም እጅ ጥርስ የተከለ ሮቦት አለ?

አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. በቻይናዋ ሺያን ከተማ ሮቦት ለአንዲት ሴት ሁለት ሰው ሠራሽ ጥርሶች ተክሏል፤ ሐኪሞቹ አጠገቧ ቆመው ይከታተሉ ነበር። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ የተፈቀደው ዮሚ የተባለው ሮቦት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እርፉን የጨበጠው ሐኪሙ ነው፤ ሮቦቱ ከትልሙ እንዳይወጣ ይገታዋል። እኔ ይህኛው ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ታዲያ የመሐንዲሱ ድርሻ ምንድን ነው?

ሰው ሠራሽ ጥርስ ለመትከል የመንጋጋው አጥንት ይሰረሰራል፤ ከባዱ ነገር ግን መሰርሰሩ አይደለም። በሽተኛው ይተነፍሳል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ይደነግጣል። ትናንት በራጅ የታየው መንጋጋና አሁን የሚንቀሳቀሰው መንጋጋ በየቅጽበቱ መገጣጠም አለባቸው። ለዚህ ጥርሱ ላይ ምልክት ይታሰርና ሮቦቱ እሱን ይከተላል። ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሌላው ጣጣ ሙቀት ነው፤ አጥንት 47 ዲግሪ ላይ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ ይጎዳል። ስለዚህ ፍጥነቱ፣ ግፊቱና የሚረጨው ውሃ ተናብበው እንዲሠሩ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ደግሞ ነርቭ ያልፋል፤ እሱን የነካ ከንፈርን ያደነዝዛል።

ልጄ፣ እኔ ማሽን እፈራለሁ። የወይራ መፋቂያዬ አይበቃኝም?

እማማ፣ መፋቂያዎን አይጣሉ። የተቦረቦረውን ጥርስ ግን አይደፍንልዎትም፤ ለእሱ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሮቦት አያገኙም፣ አይስጉ።

የሐኪሞችን እንጀራ ይነጥቃል?

አይነጥቅም።

ባሕር ዳር መቼ ይደርሳል?

ባለፈው ክረምት አንድ ክሊኒክ መሰርሰሪያው ደከመብን ብሎ ጠራኝ። ፈትቼ ባየው ኩሽኔታው ዝጓል። አየር ጨምቆ ለመሰርሰሪያው የሚልከውን የኮምፕረሰሩን ማፍሰሻ ስከፍተው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ውሃ ጫማዬ ላይ ተደፋ። ያ መሰርሰሪያ በደቂቃ ከ300,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከረው በአየር ነው፤ እርጥብ አየር ይገድለዋል። ማፍሰሻውን በየማታው መክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚከፍተው ግን አልነበረም። እዚህ የሚመጣ ሮቦት መብራት ድንገት ሲጠፋ ክንዱ ባለበት የሚቆም፣ ከአፍም በእጅ ቀስ ብሎ የሚወጣ መሆን ይኖርበታል። ይህን ጥያቄ ከዋጋው በፊት እጠይቃለሁ።

ጋሼ፣ ፖሊ ግቢ መካኒካል እማራለሁ። ከየት ልጀምር?

በ1985 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ውስጥ በኮምፒውተር የተቀረጸ የሸክላ ሙሌት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ለታካሚ ሲገጠም፣ ከጥርስ ሐኪሙ ሞርማን ጎን ብራንዴስቲኒ የሚባል የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። አንተም ሐኪም ፈልግ፤ ክሊኒኩ ጥግ ተቀምጠህ ወገቡን የቱ ጋ እንደሚያመው ተመልከት። ቤትህ ደግሞ ከሥጋ ቤት የበግ መንጋጋ ገዝተህ በማሰሪያ አጥብቀህ ሰርስር። ከጠንካራው አጥንት ወደ ሳሳው ስትዘልቅ እጅህ ላይ የሚላላው ግፊት ስንት እንደሆነ ለክተህ መዝግብ። ውሃ ማፍሰሱን አትርሳ፤ አጥንት ሲቃጠል ይሸታል።