ለገና ስጦታ መጠቅለያ ወረቀት አትግዢ

ጅማ ውስጥ ለስድስት ሰው የገና ስጦታ ስታስቢ መጠቅለያውና ሪባኑ ብቻ ብሩን እንደበላብሽ ጽፈሻል። የሚያብረቀርቀውን ወረቀት ተይው። ካኪ ወረቀት ግዢ። ከዚያ ሰፈርሽ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ሄደሽ ብጣሽ ጨርቅ ጠይቂ፣ ብዙዎቹ በነፃ ይሰጡሻል። ጨርቁን በቀጭኑ ቁረጪና እንደ ሪባን እሰሪበት። ካኪ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ጨርቅ ሲታሰር በጣም ያምራል፣ እኔ እንዲያውም ከሱቁ እመርጠዋለሁ።

ስጦታውንም ለየብቻ አትግዢ። ሐሙስ ገበያ ውጪና ጥሬ ቡና በኪሎ አንድ ላይ ገዝተሽ ለስድስት አካፍይው። ለቅመሽ ጠጠሩንና የተሰባበረውን አውጪ፤ ስጦታ መሆኑ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ዘመዶችሽ ሌላ ከተማ ከሆኑ ደግሞ የጅማ ቡና ከየትኛውም ዕቃ በላይ ያስደስታቸዋል። ለቅርብ ሰው ትንሽ ማር ጨምሪ፣ ግን ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ብልቃጥ ይሁን።

ቅቤ የምትገዢ ከሆነ ታኅሣሥ 28ን አትጠብቂ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ፈላጊው ይቀንሳል፣ ያኔ ገዝተሽ አንጥረሽ አስቀምጪ። የበዓል ዋዜማ ዋጋ አይቀመስም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ነጠላ ወይም ሌላ ነጭ ልብስ የምትሰጪ ከሆነ በጋዜጣ እንዳትጠቀልይው። ቀለሙ ይለቃል። አንዲት ጎረቤቴ ለእናቷ የገዛችው ነጠላ ጥለቱ ድረስ ጠቁሮ አይቻለሁ፣ ታጥቦም አልለቀቀም።