ሁለት አምፖል ስጨምር ሁሉም ብልጭ ድርግም ይላል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምንኖረው ለገጣፎ ነው። አጥሩ ላይ ስድስት ትንንሽ ባለ 12 ቮልት አምፖሎች አሉን። ማታ ማታ ጅብ በጓሮ በር በኩል ስለሚመጣ እዚያም ሁለት ልጨምር ብዬ ሳገናኝ ሁሉም ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። ሁለቱን ስነቅላቸው ደህና ይሆናል። ባለሱቁ "ፓወር ሰፕላዩን በትልቅ ቀይሪው" ይለኛል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ሌላ መላ የለውም?

መልስ፦ አለው እንጂ። የላክሽውን ፎቶ አየሁት። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የግድግዳውን 220 ወደ 12 ቮልት የሚቀይረው ሳጥን ላይ፣ 12 ቮልት፣ 5 አምፔር ይላል። ሲባዛ 60 ዋት ነው። አምፖሎችሽ ደግሞ ባለ 10 ዋት ሃሎጅን ናቸው። ስድስቱ ብቻቸውን 60ውን ጥርግ አድርገው በልተውታል! ሁለት ስትጨምሪ 80 ገባ። ሳጥኑ ራሱን ለማዳን ይዘጋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይሞክራል፣ ጭነቱ እዚያው ስላለ መልሶ ይዘጋል። አልተበላሸም።

ባለሱቁ አልዋሸሽም፤ መሸጡንም አይጠላም። እኔ ግን አምፖሉን ቀይሪ ነው የምልሽ። ሃሎጅን ከሚበላው አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ነው የሚጨርሰው። እግሩ ተመሳሳይ የሆነ ባለ 2 ዋት ኤልኢዲ እዚያው ቦታ ይገባል፣ ብርሃኑም አያንስም። ስምንቱም 16 ዋት ብቻ ነው።

ሁሉንም ባንዴ መግዛት ከከበደሽ አራት ኤልኢዲ ግዢ። ሁለቱን ለጓሮ በር፣ ሁለቱን በሃሎጅን ምትክ። የቀሩት አራት ሃሎጅኖች 40፣ ኤልኢዲዎቹ 8፣ በድምሩ 48 ዋት። ሌሊቱን ሙሉ ለሚሠራ ባለ 60 ሳጥን ከዚያ በላይ ባትጭኚበት ደስ ይለኛል።

ስትገዢ ለ12 ቮልት ዲሲ የሚሆን መሆኑን ማሸጊያው ላይ እይ። እግሩ አንድ ሆኖ ለ220 የተሠራም አለ፤ እሱ አይበራልሽም። ትክክለኛው ገብቶም እምቢ ካለ ነቅለሽ አዙረሽ ሰኪው፣ ፕላስና ማይነሱ ተገልብጦ ይሆናል።

አሁን ወደ ገመዱ። ፎቶው ላይ ወደ ጓሮ የሄደው የስፒከር ገመድ ነው አይደል? በ30 ሜትር ርቀት በግማሽ ካሬ (የመዳቡ ውፍረት ግማሽ ካሬ ሚሊሜትር በሆነ) ገመድ ሁለት ሃሎጅን ብታበሪ ከ12ቱ ወደ 3 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ አምፖሉ ቢጫ ሆኖ ይፈዛል። ኤልኢዲ ሲሆን ኪሳራው ትንሽ ነው፣ ቢሆንም ባለ 1.5 ካሬ ዘርጊ። መጋጠሚያውን በፕላስተር ብቻ ጠቅልለሽ አትተዪው። የለገጣፎ ክረምት ፕላስተር አያውቅም፤ ውሃ የማያስገባ ሳጥን ውስጥ ይግባ።

ኤልኢዲ ሌላም ጥቅም አለው። መብራት ሲጠፋ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ስምንቱንም ኤልኢዲ ሁለት ሰዓት ያህል ያለ ችግር ያቆይልሻል። ባትሪውና ፓወር ሰፕላዩ ግን በቀጥታ አይገናኙ። መሀል ላይ መቀያየሪያ ስዊች፣ ከባትሪው ፕላስ አጠገብ ደግሞ ባለ 3 አምፔር ፊውዝ አስገቢ።