ከአርባ ዓመት በኋላ ስለሚመጣ ውፍረት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው። አበላሌ ያው የድሮው ነው፤ ቦርጬ ግን ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው። ሰውነቴ ምግብ ማቃጠል አቁሞ ይሆን?

መልስ፦ አላቆመም፣ ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት የወጣና ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ የሰውነት ግዝፈት ልዩነት ታስቦለት ሲሰላ፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት የምናቃጥለው ኃይል እምብዛም አይለወጥም። የተለወጠው ውሎዎ ነው። ድሮ በእግር የሚሄዱበትን አሁን በመኪና ይሄዳሉ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነዎት፤ ያልሠራ ጡንቻም ይሟሽሻል። ምግቡ ግን እንደ ጎረምሳነት ዘመንዎ ይቀርባል።

ጥያቄ፦ ከሥራ ስወጣ በየቀኑ አንድ ሰዓት እራመዳለሁ። ወራት አለፉ፤ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም።

መልስ፦ እርምጃውን እንዳይተዉት፤ ብቻውን ግን ብዙ አይጠብቁበት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ የሚያቃጥለው በግምት 300 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ሁለት ተኩል ማንኪያ ዘይት የሰዓቱን ድካም አጠፋው ማለት ነው። አሁን ማዕድ ቤት ገብተው ይመልከቱ፤ ዘይቱ ከጄሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስቱ ሲንቆረቆር ማን ይለካዋል? ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ ያቁላሉት፤ ዘይቱን በኋላ በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ። ወጡ አይጎዳም፤ ለእኔ እንዲያውም ይጣፍጠኛል።

ጥያቄ፦ ሁዳዴን ሙሉ ሥጋም ቅቤም ሳልቀምስ ወፈርኩ። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ያው ዘይቱ ነው። ጾሙ ሥጋና ቅቤን ይከለክላል እንጂ ሳምቡሳን፣ በዘይት የራሰ ፍርፍርን፣ ስኳር የበዛበትን ሻይ አይከለክልም። ከሰዓት በኋላ ማዕዱ ሲቀርብም ረሃቡ የሁለት ሰው ድርሻ ያስበላል። (የፋሲካውን ዶሮ ወጥ አላነሳም፤ እሱ ለብቻው መድረክ ይፈልጋል።) ምስሩና ባቄላው በዛ፣ እንጀራው ቀነስ ይበል፤ ፕሮቲን ቶሎ ያጠግባል፣ ጡንቻንም ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ቦርጭን ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ ስፖርት አለ?

መልስ፦ የለም።

ጥያቄ፦ ምግብ መቀነስ ካከሳ ስፖርት ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ በምግብ ብቻ ሲከሱ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ጂም ባይኖር ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለት፣ ውሃ የሞላ ጄሪካን ማንሳት ይቻላል።

ጥያቄ፦ 51 ዓመቴ ነው፤ የወር አበባዬ ከቆመ ወዲህ ሆዴ አካባቢ ወፈርኩ። የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ። ራት መተው እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ የወር አበባ ሲቆም የሴቷ ሆርሞን (ኢስትሮጅን) ሲቀንስ ስብ ወደ ሆድ ማዘንበሉ የተለመደ ነው። ራቱን ግን በራስዎ ውሳኔ እንዳይተዉ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ምግብ መዝለል ስኳርዎን በድንገት ሊያወርደው ይችላል። አስቀድመው ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።